ወፍ የመሰከረችበት ሹም

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ፤
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ባለፈው በስልክ «ቅዳሜን በምን ታሳልፋለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ ሳል ይዞኝ እንደ ነበር ያስታውሳሉ፤ ሳሉ የመጣው ከጥያቄው ጋር ነውና እነሆ መልሱን በጽሑፍ አቀርባለሁ፦ ወፍ ፎቶግራፍ አነሣለሁ። እንደማይፈርዱብኝ የማምነው፣ ቅዱስ ያሬድ ዜማን ከኤዶም ገነት ከተላኩ ሦስት አዕዋፍ ተማረ እያሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ነው።

በግንቦት አንድ ማለዳ፣ ከፖቶማክ ወንዝ አጠገብ፣ ቀድሞ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው በቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር ስሄድ፣ ውሃ ከተኛበት ደን ውስጥ ግዕዝም ዕዝልም አራራይም የማይባል፣ ከፍታና ዝቅታ የሌለው፣ አንዲቱን ቃል ብቻ እየደጋገመ የሚጮኽ፣ ቀለሙ ጠፍቶበት የኔታን የሚፈራ የቆሎ ተማሪ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ሌንሴን ባዞር፣ ራሱና ደረቱ ወደ ብርቱካን ያደላ ቢጫ፣ ክንፉ ሰማያዊ የነካው ግራጫ፣ ዓይኑና ምንቃሩ ጥቁር የሆነ፣ ጭብጥ የማይሞላ ፍጥረት ከደረቀ ግንድ ቀዳዳ አፍ ላይ ቆሟል። ቢጫ ዋርብለር የሚባለውን ወፍ ነው እንዳልል የእርሱ ክንፍ ቢጫ ነው፣ የወንዱም ደረት ቀይ ሰረዝ አለበት፤ ሰማያዊ ክንፍ የሚሉትን እንዳልለው ያኛው ዓይኑን የሚያቋርጥ ጥቁር መስመርና በክንፉ ላይ ሁለት ነጭ ሰረዝ ይዟል፤ ይህ ግን አንዱም የለውም።

በዚህ አገር ሰው ጎረቤቱን ሰላም ሳይል ዓመት ይከርማል፤ ወፍ ያየ ዕለት ግን ከማያውቀው ጋር ዘመድ ይሆናል። ባለመነጽር አንድ ሽማግሌ ክንዴን ጨብጠው «ፕሮቶኖተሪ ዋርብለር!» ሲሉ አንሾካሾኩ። ስሙ ቢጫ ይለብሱ ከነበሩ ከሮማ ጳጳስ ጸሐፍት የመጣ ነው ይባላል፤ የእኛ ደብተራ ነጭ ለባሽ በመሆኑ ይህ ክብር አምልጦታል።

ይህች ወፍ ታዲያ ሰው አሳስራለች። እ.ኤ.አ. በ1948 ዊተከር ቼምበርስ የተባለ የቀድሞ ኮሚኒስት፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሹም የነበረውን አልጀር ሂስን በኮሚኒስትነት ሲከስ፣ ሂስ ቼምበርስ የሚባል ሰው አላውቅም አለ፤ ከሳሹ ግን ሂስ አንድ ቀን ይህችን ወፍ በማየቱ እጅግ መደሰቱን ለአገሪቱ ምክር ቤት መርማሪዎች በዝግ ስብሰባ ነግሯቸው ነበር። ጆን ማክዶዌል የተባሉት የምክር ቤት አባል፣ እንደ ጨዋታ አድርገው፣ ወፊቱን አይቶ ያውቅ እንደሆነ ቢጠይቁት፣ ሂስ ፊቱ በርቶ እዚሁ ፖቶማክ ላይ ማየቱን ተናገረ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ መርማሪዎች ከሳሹ ሰውየውን በቅርብ እንደሚያውቀው አመኑ፤ በ1950ም ሂስ በሐሰት ምስክርነት አምስት ዓመት ተፈረደበት። በእኛ አገር «ወፍ ነገረችኝ» ሲባል የሚስቅ ሁሉ ይህን ይስማ!

የዜግነት ቃለ መጠይቄ ስለ ተቃረበ፣ እኔም ወፊቱን አይቼ እንደሆነ ብጠየቅ ሳላወላውል አየሁ እላለሁ፤ ፎቶግራፉን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁና አንድ ምስክር እርስዎ ነዎት። የሌንሱን ዋጋ ግን በዚህ ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ እትዬ በኩንታል ጤፍ መንዝረው ሰፈሩን ሁሉ ለቅሶ ያስቀምጡታል፤ ከጠየቁዎት ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ነው ይበሉልኝ።

የእርስዎው የወንድም ልጅ