በቃል አፍርሶ በጽሑፍ አምጣ

መንገድ የሚጠላ የሸዋ ሮቢት ሰው አላውቅም። ከተማችን ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ ደሴ የሚሄደው ጎዳና ባይኖር ይህ ሁሉ ምግብ ቤት፣ ይህ ሁሉ ጋራዥ፣ ይህ ሁሉ የሽንኩርት ነጋዴ ከየት ይመጣ ነበር? ስለዚህ ጠጠር ይፍሰስ፣ ቦይ ይቆፈር፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሰፋ ሲባል አብረን አጨብጭበናል፣ ገንዘብም አዋጥተናል። ያንገሸገሸን ሌላ ነው። በይፋት ቆላ ከከተማ ከተማ ብትሄዱ የምትሰሙት እሮሮ አንድ ዓይነት ነው፤ የመንግሥት ሰው ንብረት የሚያፈርሰው በቃል ነው፣ የፈረሰበት ሰው አቤት ሲል ግን ሁሉንም በጽሑፍ አምጣ ይባላል።

የእህቴን ላውራ። የምትኖርበትን ከተማ ስም ትቼዋለሁ። አጥሯ በፈረሰበት ቀን ዋዜማ ማታ አንድ ልጅ ከቀበሌ ተልኮ መጣና በር ላይ ቆሞ «አጥራችሁን ሰብስቡ፣ ነገ ማሽን ይገባል» ብሏት ሄደ። ደብዳቤ የለም፣ ማኅተም የለም፣ ስንት ሜትር እንደሚነካ የተናገረም የለም። በነጋታው ግሬደሩ ሲመጣ የቆርቆሮውን አጥር ከነቋሚው አጣጥፎ ወደ ግቢው ገፋው። በአጥሩ ጥግ የነበሩት ፍሬ መያዝ የጀመሩ ማንጎዎች ከነሥራቸው ተነቀሉ። ከዚያ የውሃው ቱቦ ተበጠሰ፤ ውሃው የሚዘጋው ሰው እስኪመጣ ድረስ ወደ ጎረቤቷ ማድ ቤት ሲፈስ ዋለ። እህቴ ኦፕሬተሩን «ማን አዘዘህ?» ስትለው «ኢንጂነሩ» አላት። ኢንጂነሩ ኮሚቴውን ጠቆሙ። ኮሚቴው «ካቢኔ የወሰነው ነው» አለ። የካቢኔውን ውሳኔ ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘችም።

ቢሮ ስትሄድ ነው ወረቀቱ የጀመረው። ካርታ አምጪ፣ የግብር ደረሰኝ አምጪ፣ አጥሩ ከመፍረሱ በፊት የተነሳ ፎቶ አምጪ፣ ምስክር ቁጠሪ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፊ። ቀበሌው ደግሞ «ሲፈርስ አላየንም፣ ያላየነውን አንጽፍም» ይላል፤ መልእክተኛውን የላከው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ። የውሃ አገልግሎቱ «ከቆጣሪ ወዲህ ያለው ቱቦ የደንበኛው ነው፣ የሰበረው ይጠግን» አላት። የሰበረው «በጀት አልተያዘለትም» አላት። ከሁሉ የከፋው የዓመቱ የቦታ ኪራይ ነው። ከግቢዋ ለመንገድ የተቆረጠው ተቆርጦ፣ ክፍያው ግን በድሮው ካሬ ሜትር ተተምኖ መጣ። ሲቆረጥ ያልመዘገበ መሥሪያ ቤት ሲያስከፍል መዝገቡ ሙሉ ነው።

ይፋት ውስጥ ያደገ ሰው የንብረት ጉዳት እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። የአንዱ ከብት የሌላውን ማሽላ ሲበላ የከብቱ ባለቤት «ምስክር ቁጠር» እያለ አይከራከርም። ሽማግሌ ማሳው ድረስ ይወጣል፣ የተበላው ይታያል፣ ይገመታል፣ ባለ ከብቱ ይክሳል ወይም ይቅርታ ይጠይቃል። ማሳው ሳይደርቅ፣ ዱካው ሳይጠፋ ነው ይህ የሚሆነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ የሚያደርገውን ነገር ኢንጂነር፣ ሜትርና ማኅተም ያለው ቢሮ ሊያደርገው እንዴት አቃተው?

ሕግ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። በቅድሚያ ነው የሚለው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455ም ሆነ እሱን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታው በጽሑፍ እንዲነገረው፣ ንብረቱም እንዲገመት ይጠይቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። አገሩ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ በሚተርትበት ዘመን የወጣው ያ ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነም ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። እርግጥ ተረቱንም አልናቀውም፤ በአንቀጽ 2137 ንጉሠ ነገሥቱ እንዳይከሰሱ ጠብቋል፣ ቀጥሎም ለሚኒስትሮች፣ ለፓርላማ አባላትና ለዳኞች ከሥራቸው ጋር ለተያያዘ ድርጊት ከለላ ሰጥቷል። ማዘጋጃ ቤት በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ግሬደር ያሰማራ ኮሚቴም የለም።

ይኸው ሕግ ግን በአንቀጽ 2143 የካሳው ክስ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። «እህቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ብቅ በይ» ሲባል ቀኑ ይቆጠራል። ኃላፊው ሥልጠና ሲሄዱም ይቆጠራል። ማመልከቻው ከመዝገብ ቤት ጠፍቶ እንደገና ሲጻፍ፣ የሚፈርመው ሰው ተዛውሮ አዲሱ «ጉዳዩን ላጥናው» ሲል ይቆጠራል። አቤት ባዩ ተስፋ አድርጎ ደጅ ሲጠና፣ ሰውን ላለማስቀየም ክስ ሲያዘገይ፣ የመክሰሻ ጊዜው ያልቅበታል። ትሕትናውና ትዕግሥቱ መልሰው እሱኑ ይጎዱታል። ባለሥልጣን ደጅ መጥናትን እንደ ወግ የያዘ ሕዝብ ላይ ይህ ሲሆን ያሳዝናል።

ገጠር ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። በቀወት ቆላ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ሕይወቱ ያለው ቦዩ ላይ ነው። መንገድ ሊጠርግ የመጣ ዶዘር አፈሩን ገፍቶ ቦዩን ሲደፍነው፣ ሽንኩርቱ ገና ራስ እየቋጠረ ከሆነ፣ በዚህ ሙቀት ጥቂት ቀን ውሃ ማጣት ይበቃዋል። ከመሬቱ ለዘለቄታው የተነሳ ገበሬ ቢያንስ ስሌት አለው። የ1997ቱ አዋጅ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን በ10 ያባዛለት ነበር፤ የ2011ዱ ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ቦዩ የተደፈነበት ገበሬ ግን ከመሬቱ ስላልተነሳ «ተነሺ» አይባልም። ለእሱ የተዘጋጀ ቅጽ የለም፣ የሚገምት ኮሚቴም አይቋቋምለትም። የዘር፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ዕዳው ግን እንዳለ ነው።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ምን ያየ ሕዝብ ላይ እንደሆነ መርሳት የለብንም። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ተቃጥላለች። ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 በጦርነቱ ተይዛ፣ ኅዳር 22 ቀን ነው መንግሥት መልሼ ያዝኳት ያለው። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ የገዛ፣ በር ያስገጠመ፣ ሱቁን እንደገና የሞላ ሰው ሁሉ አብዛኛውን ከኪሱና ከዘመድ ብድር ነው ያደረገው። የጦርነትን ጥፋትና የማዘጋጃ ቤትን ግሬደር አንድ ናቸው አልልም። ግን ያንን ሁሉ አልፎ ያቆመውን አጥር በሰላም ቀን፣ የራሱ አስተዳደር፣ አንዲት ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍ ሲጥልበት የሚሰማው ንዴት ከሌላው ሰው ንዴት ይከብዳል።

በትልልቅ ከተሞች የሚሆነውንም እንሰማለን። በ2011 የለገጣፎ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በ2016 ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ አገር አየ፣ ጋዜጠኛ ዘገበ፣ የሰብአዊ መብት ተቋማት መግለጫ አወጡ። ያም ሆኖ የተጎዳው ሁሉ አልተካሰም። የአንዲት ትንሽ ከተማ የጓሮ አጥር ማን ይዘግብለታል? ሕንድ ውስጥ ባለሥልጣናት በቡልዶዘር ቤት ማፍረስን ሲያበዙት፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 2017 መመሪያ አወጣ። ከማፍረስ በፊት የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፣ ሲፈርስ በቪዲዮ ይቀረጽ፣ ትእዛዙን የጣሰ ሹም የፈረሰውን ከራሱ ገንዘብ አውጥቶ ያስመልስ አለ። እኛ አንቀጽ 2126ን ከያዝን ስልሳ ዓመት አልፎናል፤ ከኪሱ የከፈለ ሹም በእኛ ቆላ ሲነገርለት ሰምቼ አላውቅም።

የምንጠይቀው ገንዘብ እንኳ መጀመሪያ አይደለም። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ሜትርና እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ። የአጥሩን ርዝመት ይለካ፣ ዛፉን ይቁጠር፣ ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ባለቤቱን ይጠይቅ፣ ማን እንዳዘዘ ይጻፍ፣ ማኅተም ያድርግበትና አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ ይስጥ። ይህ ከግማሽ ቀን ሥራ አይበልጥም። ካሳው በኋላ ቢዘገይ እንኳ ሰው የሚከራከርበት ነገር በእጁ ይኖረዋል።

እህቴ አሁን ጠበቃ አነጋግራለች። ጠበቃው መክሰስ እንደምትችል ነግሯታል፣ የምትከፍለውንም ነግሯታል፤ የዳኝነቱ፣ የጠበቃውና የመመላለሻው ወጪ ሲደመር አዲስ አጥር ያሳጥራል። አጥሩን ታሳጥር ወይስ ትክሰስ፣ እስካሁን አልወሰነችም። የከፈለችው የቦታ ኪራይ ደረሰኝ ላይ የድሮው ካሬ ሜትር ስለተጻፈ፣ ጠበቃው እሱን በደንብ አስቀምጪው ብሏታል።