ክትፎ ቤትዎ በመስቀል ሰሞን እንዲተራመስ

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ክትፎ ቤት ካለዎትና ሥራው እንዲዝረከረክ ከፈለጉ፣ መጀመሪያ ነገር ምንም አይጻፉ። ከአዲስ አበባ የተነሣ ደንበኛ ደውሎ የስምንት ሰው ምሳ ሲያዝ «እሺ» ብለው ስልኩን ይዝጉ። አስተናጋጇም ትዕዛዙን ከበር ላይ ሆና ለወጥ ቤት ትጩኽ። ማን ጥሬ፣ ማን ለብለብ፣ ማን የበሰለ እንዳለ ሣህኑ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላ ይጣራል። የበሰለን ክትፎ መልሶ ጥሬ ማድረግ አይቻልምና ሥጋውም ደንበኛውም አብረው ይሄዳሉ።

ቀጥሎ ሥራ ለማንም ለይተው አይስጡ። ሥጋ ገዢውም፣ ከታፊውም፣ ሒሳብ ተቀባዩም እርስዎ ይሁኑ። የንጥር ቅቤውና የሚጥሚጣው ጓዳ ቁልፍ ከኪስዎ አይውጣ። ሠራተኞቹ ለሁሉም ነገር «ጋሼን ጠይቁ» ማለት ይልመዱ። ያኔ እርስዎ እምድብር ለቅሶ ሲሄዱ ቤቱም አብሮዎት ለቅሶ ይቀመጣል።

በገንዘቡ በኩል የቤቱን ከራስዎ አለመለየት ይበቃል። ጥሬ ገንዘቡ በሱሪ ኪስ፣ ቴሌብሩ በግል ስልክዎ ይግባ፤ የልጅ ደብተርም የሥጋ ዕዳም ከዚያው ይከፈል። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ግብሩ በግምት ይወሰናልና፣ ሐምሌ ሲመጣ «በዛብኝ» ብለው የሚያሳዩት አንድ ወረቀት አይኖርዎትም።

ትልቁ ጥፋት ግን የሚደገሰው ለመስቀል ነው። መስከረም 17 ሲቃረብ ከመርካቶና ከየከተማው ነጋዴው ቤተሰቡን ይዞ አገሩ ይገባል፤ ቀኑም በየዓመቱ የታወቀ ነው። እርስዎ ግን ለአምናው መስቀል ስንት ኪሎ ሥጋ እንደወጣ፣ ቆጮው በስንተኛው ቀን እንዳለቀ አይመዝግቡ። የዘንድሮውን ቆጮ በዋዜማው ይዘዙ። እንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ እስኪብላላ ሳምንታት፣ ደህናው ደግሞ ወራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዋዜማ የሚያገኙት ሌላው ገዢ አይቶ የተወውን ነው። ቅቤም እንደዚያው። የመንደር እናቶች ለበዓሉ የሚሆነውን ቅቤ በማኅበር፣ በተራ እየጣሉ ወራት ቀድመው ያጠራቅማሉ። እርስዎ ከእነርሱ ምንም አይማሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሥርዓት መያዝ ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። ያው ባለቤት ዕቁብ ላይ ሌላ ሰው ነው። ዕቁቡ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ማን እንደጣለ፣ ማን እንደቀረ በደብተር ይሰፍራል። ዕጣ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። ብዙ የጉራጌ ነጋዴ ባንክ ሳያበድረው መነሻ ገንዘብ ያገኘው በዚህ ነው። ደብተሩ ሳይነበብ የቀረ ዕለት የሚቆጣው ይኸው ሰው የራሱ ቤት ሲገባ እስክሪብቶ ያጣል። እንግዲህ ቤትዎ እንዲፈርስ ከቆረጡ፣ የዕቁቡን ጸሐፊ አንድ ማታ ጠርተው «ለእኔም እንዲህ ያለ ደብተር አስምርልኝ» እንዳይሉት።