እጀ ለጋሱ ኬሚስት

ልናዘዝ፦ ልክ አላውቅም። የአገና ልጅ ክትፎ ላይ ቅቤ ቢያበዛ የሚፈርድበት የለም። እኔ ግን በዚሁ እጄ ኬሚስትሪ ተማርኩ።

የተሰጠኝ ሥራ ውሃ ውስጥ የተበተኑ የሲሊካ ናኖ ቅንጣቶችን በመጠን መለየት ነበር። 1 ናኖሜትር የ1 ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ስለሆነ የወጥ ቤት ወንፊት አያዋጣም። ዝም ብሎ ማዝቀጥም ያስቸግራል። እናቴ የተፋቀ እንሰት ጨምቃ ውሃውን ካስቀመጠችው ቡላው ከሥር ይዘቅጣል፤ ቡላ ግን በማይክሮሜትር የሚለካ ነውና ከናኖ አንጻር ግዙፍ ነው። ናኖዎቹን የውሃ ሞለኪውሎች እየገፈተሩ ተንሳፈው እንዲቆዩ ያደርጓቸዋል።

መፍትሔው ቅንጣቱ ላይ የማይለጠፍ ፖሊመር መጨመር ነው። ሁለት ቅንጣቶች በጣም ሲቀራረቡ ፖሊመሩ በመካከላቸው አይገባም፤ ውጭ የቀረው ከየአቅጣጫው ገፍቶ ያጣብቃቸዋል። ይህን ጃፓናውያኑ ሾ አሳኩራና ፉሚዮ ኦሳዋ በ1954 እ.ኤ.አ. አስረድተዋል። ትልልቆቹ ላይ ግፊቱ ስለሚበረታ፣ ፖሊመሩ ከተመጠነ እነሱ ቀድመው ተጣብቀው ይዘቅጣሉ፤ ትናንሾቹ ከላይ ይቀራሉ። ፈረንሳዊው ዠሮም ቢቤት በ1991 እ.ኤ.አ. በፖሊመር ፈንታ የሳሙና መሰል ሞለኪውሎችን ስብስብ ተጠቅሞ የዘይት ጠብታዎችን በዚሁ ዘዴ በየመጠናቸው ለይቷል። ግን ደረጃ በደረጃ ነበር፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ነበረው።

እኔ ፖሊመሩን በአንዴ ገለበጥኩት። ትልቁም ትንሹም አብሮ ዘቀጠ። በመጀመሪያ ፖሊመሩን አማሁ፣ ቀጥዬ ውሃውን፣ በመጨረሻ መብራት መቆራረጡን። ደግነቱ እንዲህ የተጣበቀ ቅንጣት ውሃ ሲጨመርበት መልሶ ይበተናል። ውሃውንም አበዛሁትና ጭራሽ የሚዘቅጥ ጠፋ።

ለመስቀል አገር ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ለዘመድ አዝማድ አስረዳሁ፤ ማብራሪያውንም አብዝቼው ኖሮ አጎቶቼ አንድ በአንድ ወደ ጓሮ ወጡ። እናቴ ብቻ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «አንተ ልጅ፣ ጠብ እያደረጉ ማየት እያለ ትገለብጣለህ እንዴ?» አለች። አሳኩራንና ኦሳዋን ሳታነብ የጎደለኝን አወቀችብኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ቅንጣት መለየት ብትፈልግ መርሁን ከእኔ ጠይቅ፤ ጠርሙሱን ግን ለሌላ ሰው ስጥ።