አንድ እግሩ ስንት ነው?

ዝናቡ ገና ጋብ ማለቱ ነበር። በክረምት የደሴ ጉም ከጦሳ ወርዶ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ የሰኞ ገበያ ጭቃ ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ባጃጃችን ከገበያተኛውና ከአህያው መሀል ተሰንቅሮ አልንቀሳቀስ ሲል አክስቴ «ወርደን እንሂድ» አለች። ምርኩዟ እየሰመጠ፣ እኔ ብብቷን ይዤ እየደገፍኳት፣ በርበሬ ልንገዛ የወጣነው ሰዎች ጫማ ሻጮቹ ጋ ደረስን። ቆም ብላ ወደ አንዱ የላስቲክ ጫማ ጣቷን ቀሰረች።

«ልጄ፣ ይሄ አንድ እግሩ ስንት ነው?»

«ጥንዱ ነው እማማ...» ብሎ ሳይጨርስ የልጁ ዓይን ወደ ታች ወረደ። ቀሚሷ ከቀኝ ጉልበቷ በታች ባዶውን ተንጠልጥሏል። አጠገባችን ሽንኩርት የምትመዝነው ሴት እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። አክስቴ ግን ኮስተር ብላ ቀጠለች፦ «ሌላውን ማን ሊያደርግልኝ ነው? በል በግማሽ ዋጋ ስጠኝ።» ልጁ ተርበተበተ፤ ኋላ ግን የግራውን አነሳና «የቀኙ ፈላጊ ሲመጣ እደውልልዎታለሁ፤ ተካፍላችሁ ትከፍላላችሁ» አላት። ያኔ ነው የሳቀችው። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ሳቀ።

እግሯን የወሰደው ስኳር ነው። ስኳር ነርቭ ያደነዝዛል፤ ጫማዋ ውስጥ የገባች ጠጠር ስትልጣት ውላ አልተሰማትም፤ ቁስሉም አልሽር ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

በራስ መከራ መቀለድ የአክስቴ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር እ.ኤ.አ. በ1980 በእሳት ተቃጥሎ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በ1982 በወጣው ፊልሙ መድረክ ላይ ክብሪት ጭሮ፣ ነበልባሉን እያወዛወዘ፣ እየነደደ የሮጠበትን ቀን ቀለደበት። ሌላዋ ኮሜዲያን ቲግ ኖታሮም በ2012 የጡት ካንሰር እንደያዛት በተነገራት በቀናት ውስጥ ሎስ አንጀለስ መድረክ ወጥታ ሰላምታዋን ከዚሁ ጀመረች።

የራስን መከራ እንዲህ አደባባይ ማውጣት የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚል ሰው ላሊበሎችን ረስቷል። ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ቆመው፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው እያስገቡ የሚያሞጋግሱት፣ ካላዜምን የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ነው። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስንቱን ሲያክም ኖሯል። እኔ የማደንቀው ግን ፍርሃታቸውን ይዘው አለመደበቃቸውን ነው። ሰው ደጃፍ አምጥተው ያዜሙታል፤ የሰጣቸውንም መርቀው ይሄዳሉ።

ቀልዱ ግን ባለቤት አለው። አንድ ሠርግ ላይ አንድ ጎረምሳ የአክስቴን የጫማ ወሬ እሷው ፊት ሊደግመው ሞከረ። ማንም አልሳቀም፤ እሷም አንገቷን ደፋች። እስካሁን ያንገበግበኛል። እሷ ስታወራው ግን መሳቅ አለብን። እንባችንን ይዘን የገባን እንደሆን ታማሚዋ እኛን ስታጽናና ትውላለች።

የቅሬያችን፣ ማለትም የዕድራችን፣ ሰብሳቢ ሊጠይቋት መጥተው ከንፈራቸውን ሲመጥጡ አላስጨረሰቻቸውም። «እግሬን ቀብራችሁልኛል፤ የቀረችው ጎዶሎ ናት። መዋጮዬን ቀንሱልኝ» አለቻቸው። ሰውየው ፈገግታ የሚባል አያውቁም። ስኒውን አስቀመጡና «ቅሬ የሚቆጥረው በራስ ነው እንጂ በእግር አይደለም። ሙሉውን ታመጫለሽ» አሏት።