ባንክሲያ ጉርሻ አይወድም

ሜልቦርን፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

የላክሁልሽን ፎቶ አይተሽ «ቤት ይሠራል ስንል ዛፍ ተከለ? ዛፉስ ምን ነክቶት ነው የማያድገው?» ማለትሽን ወንድሜ ነገረኝ። እማዬ፣ እንዳያድግ እኮ ነው የምለፋው! ቦንሳይ ይባላል፤ ጃፓኖች የተካኑበት ሙያ ነው። ዛፉን በጠፍጣፋ ሸክላ ተክለሽ፣ እየከረከምሽ፣ ቁመቱ ክንድ ሳይሞላ እንደ ዋርካ ታስረጂዋለሽ።

ሌላው ሰው ጥድ ሲያሳድግ እኔ የአገሬው ቁጥቋጦ ላይ ወደቅሁ። የመጣሁ ሰሞን አንድ አጥር ሥር የበራችንን ቀይ ቦትል ብራሽ አየሁትና እንደ አገር ልጅ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ለካ ተወላጁ እሱ ነው፤ እኛ ግቢ ያለው ነው ስደተኛው! ባሕር ዛፉም፣ ግራቪሊያውም ከዚሁ የሄዱ ናቸው። በእነሱ ልዋጭ የመጣሁ መሰለኝ።

በመጀመሪያ የገዛሁት ባንክሲያ ነው። ስሟ በ1770 እ.ኤ.አ. ከካፒቴን ኩክ ጋር መጥቶ ከለቀማት ከጆሴፍ ባንክስ የተወሰደ ነው። የኔዋ ቅጠሏ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ፣ ክስት ያለች ነበረች፤ አንጀቴን በላችው። ያንቺ ልጅ አይደለሁ? «በሞቴ» እያልሁ ማዳበሪያ በማንኪያ አጎረስኋት። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ቅጠሏ ከጫፉ ጠቁሮ ሞተች። ለካስ የዚህ አገር አፈር ከጥንት ጀምሮ ታጥቦ ታጥቦ ፎስፈረሱ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ባንክሲያም ያቺኑ ጥቂቷን ለመልቀም እንደ ብሩሽ የተጠጋጋ ጥቃቅን ሥር ታበቅላለች። ያ ሥር ሲያገኝ «በቃኝ» ማለት አያውቅም። አጎቴ ለጤፉ የሚሰለፍለት ዳፕ ከመቶው 46 እጁ ፎስፌት ነው፤ ለእሷ መርዝ ማለት ነው። በጉርሻ ገደልኋት። አሁን ያለችው ፎስፈረሱ እጅግ የቀነሰ፣ ለአገር በቀል ተክል ተብሎ የሚሸጥ ማዳበሪያ በጥቂቱ ትቀምሳለች፤ ከእኔ ይልቅ ጾም ታጠብቃለች።

ሁለተኛዋ ሌፕቶስፐርመም ናት። የኩክ መርከበኞች ቅጠሏን እንደ ሻይ ያፈሉት ስለነበር «ቲ ትሪ» ይሏታል። ይህች ደግሞ ጥም አትችልም። ሁለት ፈረቃ የሠራሁ ዕለት፣ ሙቀቱ 41 ዲግሪ ሆኖ፣ ሳላጠጣት ወጣሁ። ስመለስ ቅጠሏ አረንጓዴ ነው። «ተመስገን፣ ተረፈች» ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ሬሳ ሳጠጣ ሰነበትሁ።

የሚያኮራኝ ቦትል ብራሹ ነው። ሰው አጥሩን ሲያፈርስ የጣለውን ጉቶ ለምኜ አመጣሁት፤ በመጋዝ አሳጥሬ ስተክለው የደረቀ ከሚመስለው ግንድ ላይ ቡቃያ ፈነዳ። አሁን አበባው ከራሱ ይበልጣል። ሥሩን ለመከርከም እንደ ጃፓን ጥድ በብርድ ከሸክላው አይወጣም፤ ሙቀት ሲገባ ነው። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሥሩን በእንጨት እየፈታሁ ስከረክም አንድ የአገራችን ሰው ብቅ አለ።

«ስንት ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

ዝም ብሎ አየኝና፣ «ጠበል ሞክረሃል?» አለኝ። ወሬው አንቺ ዘንድ ከደረሰ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

አደራ፣ ወንድሜ የበሩን ቦትል ብራሽ መንገድ ዘጋ ብሎ እንዳይገነድሰው። አበባው እንደረገፈ፣ ከአበባው ሥር ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይቁረጠው። አለዚያ ቅርንጫፉ አበባውን ሰንጥቆ እያለፈ ይረዝማል፤ ፍሬውም እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ለዓመታት ይቀመጥበታል። ያን ፍሬ ግን በርበሬ ውስጥ ደብቀሽ እንዳትልኪልኝ። እዚህ ኤርፖርት ለዘር ምሕረት የላቸውም፤ ደግሞም የራሳቸው ነው።

ልጅሽ