ካልሞትኩ እመጣለሁ

የእህቴ ልጅ በጥር መጨረሻ ታገባለች። ከጥሪ ካርዱ ግርጌ፣ ከመዝሙረ ዳዊቱ ጥቅስና ከአዳራሹ አድራሻ በታች፣ «መገኘትዎን እስከ ጥር 10 ቀን ድረስ በዚህ ስልክ ቢያረጋግጡልን» የሚል መስመር አለ። ስልኩ የኔ ነው። ታምኜ ይሁን ሥራ ፈት ተብዬ እስካሁን የነገረኝ የለም።

አልተደወለም ብል ሐሰት ነው። ይደወላል። አንዱ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል፣ ሌላው ካርድ እንዳልደረሰው ሊወቅስ (ካልደረሰው ቁጥሬን ከየት አገኘው?)፣ ሌላዋ ደግሞ «ከነቤተሰብዎ» የሚለው ከደሴ ለሕክምና የመጣችውን የባሏን እህት ይጨምር እንደሆነ ልትጠይቅ። የጠፋው «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» የሚል ሰው ነው።

ደፈር ብዬ «ታዲያ ትመጣለህ ማለት ነው?» ስል «ካልሞትኩ!» እባላለሁ። የሙሽራዋ ወንድም የሠራልኝ ሰንጠረዥ ደግሞ «የሚመጣ» እና «የማይመጣ» ከሚሉት ሌላ ዐምድ የለውም። ይሁን፣ እያደር መፍታቱን ለምጃለሁ። «እንዴት እቀራለሁ!» ያለ ይመጣል። «እግዜር ካለ» ያለውን እግዜር ያውቀዋል። «እስቲ እናያለን» ያለ አይመጣም። «ዋዜማው ላይ ደውለህ አስታውሰኝ» ያለው ግን ጭራሽ አይመጣም፤ ሲቀርም ጥፋቱ የኔ እንዲሆን ከወዲሁ አመቻችቷል።

ፈረንጆች በዚህ ነገር ብዙ ደክመዋል። ኤሚሊ ፖስት የተባሉ አሜሪካዊት በ1922 እ.ኤ.አ.፣ እኛ ዘንድ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ሳሉ መሆኑ ነው፣ ስለ ጨዋነት ደንብ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተሙ። እንደ እሳቸው ደንብ መልሱ በእጅ ይጻፋል። ግብዣውን የተቀበለ ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ደግሞ ይጽፋል፤ ስሕተት ካለ እንዲታረም። የማይመጣው ሰዓቱን መጥቀስ አያሻውም። እንግዲህ የኛን ካርድ እንይ። «ከቀኑ 6፡00 ሰዓት» ይላል። በ6 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የሚገኘው ወንበር የሚያለብሰው ልጅና ከገጠር የመጣ አንድ ዘመድ ነው። ሙሽሮቹ ራሳቸው ያን ጊዜ አንዱ መናፈሻ ውስጥ ዛፍ ተደግፈው ፎቶ ይነሣሉ። ሰዓቱን ደግሞ የጻፈ ጨዋ ሰው ስንት ሰዓት ብሎ ይጽፋል?

ድሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። እድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ያወጣል፤ ሰው ሲበዛ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይባላል፤ አግዳሚውም እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በምኒልክ ግብርማ ሰው በማዕረግ በማዕረጉ እየገባ፣ የበላው ሲወጣ ያልበላው እየተተካ ነበር የሚስተናገደው። ጦሩን «መገኘትህን አረጋግጥ» ያለው አልነበረም። የዛሬው አዳራሽ ክብ ጠረጴዛ ግን ዐሥር ወንበር አለው፤ ዐሥራ አንደኛውን ሰው ጠጋ ብሎ የሚያስተናግድ ወንበር አልተሠራም። ሒሳቡም በሰው ነው። ለመጣውም ለቀረውም ይከፈላል።

የምናደደው እዚህ ላይ ነው። እህቴ ለዚህ ድግስ ዳኛውን ለምና የእቁቧን ተራ አስቀድማ ወስዳለች። ተጋባዡ ግን መልእክቴን ቴሌግራም ላይ አንብቦ፣ ማንበቡን ሁለቱ ምልክቶች እየመሰከሩበት፣ ዝም! «አልችልም» ብሎ ላለማስቀየም ነው አሉ። አንተ እንዳታስቀይማት የዋጥካትን አንዲት ቃል፣ እሷ በሳህን ቆጥራ ትከፍልልሃለች። አንተን ብሎ ጨዋ! ይሄው ሰው በሠርጉ ማግስት ደውሎ «ቪዲዮውን ላክልኝማ» ይላል። ላክልኝማ!

ለማንኛውም አንድ የተጣራ መልስ አግኝቻለሁ። የድሮ ጎረቤታችን ጋሼ ደወሉና «ልጄ፣ አልመጣም። ጉልበቴ ደረጃ አይወጣልኝም፤ ደስታው ግን የኔም ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ «የማይመጣ» በሚለው ዐምድ የመጀመሪያውን ስም ጻፍኩ። ማታ ለእህቴ ብነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን አድርገናቸው ነው?» አለች። ካርዱን ማን እንዳደረሰው ተመረመረ። የሙሽራዋ ወንድም በር ላይ ሰጥቶ መሄዱ ታወቀና ተወገዘ። በማግስቱ እህቴ ከአክስቴ ጋር ብርቱካን ይዘው ሄዱ፤ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ፤ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ሲመለሱ «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እግዜር ካለ ብለዋል» አለችኝ እህቴ፣ ፊቷ በርቶ።

አሁን ደረጃውን ደግፈው የሚያወጧቸው ሁለት ጎረምሶች ተመድበዋል። ሕንፃው ሊፍት አለው ይባላል፤ ይሠራ እንደሆነ ልጠይቅ ብደውል የሚያነሣ አጣሁ። በአካል መሄድ ሳይሻል አይቀርም። ነገ ረቡዕ ነው፣ አይመችም፤ ሐሙስ እሄዳለሁ። ከአዳራሹ ጎን ጥሩ ክትፎ ቤት አለ ብለውኛል።