ከዲላ ሞምባሳ፣ በወናጎ በኩል

የውቅያኖስ ዳርቻን በብስክሌት ለመዞር ያወጣሁት ዕቅድ እንከን አልነበረውም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ከጉዞው የተረፈኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ ሙሉ ደብተር ፈጅቷል። በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ነው የተጻፈው፦ ሰማያዊው ለመንገዱ፣ አረንጓዴው ለምግቡ፣ ቀዩ ለአደጋው። ሰማያዊውና አረንጓዴው አልቀው ተጣሉ። ቀዩ አሁንም እንደ አዲስ ይጽፋል።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው ደጄ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ዲላን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። አንድ ማታ ካርታ ዘርግቼ በጣቴ ብከተለው ሞያሌ ላይ አልቆም አለ። ማርሳቢትን፣ ኢሲዮሎን፣ ናይሮቢን አልፎ ሞምባሳ ሲደርስ ጣቴ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ገባ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ውሃ አባያ ሐይቅ ነው፤ እሱንም ከሩቅ፣ ድፍርስ ሻይ መስሎ። ከአገራችን ሐይቆች ከጣና ቀጥሎ ትልቁ እሱ እንደሆነ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነውና። ይቺን ነገር እንኳ ትንሽ ላቆያት አስቤ ነበር።

ርቀቱን ደመርኩ። ከዲላ ሞያሌ ወደ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 800፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ ወደ 500። ጠቅላላ 1,700። በቀን 100 ብነዳ 17 ቀን። ሒሳቡን የሠራሁት አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው፤ ምንም ድካም አልተሰማኝም።

የልፋቴ ሁሉ እምብርት ግን የባሕሩ ዳርቻ ነበር። ከሞምባሳ በኪሊፊ አድርጎ እስከ ማሊንዲ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻውን ስምንት ገጽ ወስዷል። ማዕበል ከሥር የቦረቦረው የኮራል ቋጥኝ የት የት እንዳለ ጽፌያለሁ። ነፋሱንም በስሙ ነው የማውቀው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ከደቡብ የሚነፍሰው ደግሞ ኩሲ። ሰኔ ላይ ፈተና አርሜ ሐምሌ ከወጣሁ፣ ወደ ማሊንዲ ስጋልብ ኩሲ ከጀርባዬ ይገፋኛል። «ከጀርባ ይገፋኛል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

የባሕሩን ሙላትና ጉድለትም አልረሳሁም። ሞምባሳ ላይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። የሁለት ሳምንቱን ሰዓት በሰዓት ገለበጥኩት። ሞምባሳ ባሕሩ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላ የሚያውቅ ሰው ዲላ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። የግቢያችን ቧንቧ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ግን ጎረቤት ነው የሚነግረኝ።

ገጽ 14 ላይ «ፓስፖርት» ይላል። አጠገቡ በአረንጓዴ «ኋላ» ተብሏል።

ዕቅድ ደግሞ ሰው ካልሰማው ምኑን ዕቅድ ሆነ? መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን ወሬውን ቀስ ብዬ ወደ ብስክሌት አመጣሁት። ኢትዮጵያ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችም እንደነበሯት፣ ገረመው ደንቦባም አንዱ እንደነበር አስረዳሁ። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን አከልኩ። ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ሻዬን አማሰልኩ። ሻዬ ውስጥ ስኳር አልነበረም።

ጎረቤታችን እትዬ ግን እንደ መምህራኑ በዝምታ አላለፉኝም። ቡና እየቀዱ፣

«ባሕሩ ጋ ማን አለህ?» አሉኝ።

«ማንም የለኝም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማን ሊቀበልህ ነው?»

ይህ በ17 ቀን ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። ማታ ደብተሬን ገልጬ «የሚቀበል ሰው፦ ይታሰብበት» ብዬ ጻፍኩ።

ብስክሌቱን ከሐዋሳ ነው ያመጣሁት፤ ያገለገለ ነው፣ ባለ 21 ማርሽ። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ሻጩ የሚያውቀው ሁለቱን ብቻ ነበር፤ እኔም ከዚያ የበለጠ አልጠየቅኩም። ዲላ የደረሰው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ጥብቅ ያለ ቁምጣም ገዛሁ። እናቴ ቁምጣውን ፊትና ኋላ አገላብጣ አየችና፣ «ይኼ ለሕፃን ነው ለሽማግሌ?» አለች።

ከዚያ ክብደት መቀነስ ጀመርኩ። ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ እንደሚቆርጡ አንብቤያለሁ፤ ግራም ግራም ነውና። እኔም በቢላ ቆረጥኩ። በዚያችው ሻንጣ ውስጥ እናቴ አራት ኪሎ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ቆሎና አንድ ጋቢ አስገባች። «ባሕር ይበርዳል» ብላ ነው። አልተከራከርኳትም፤ ከሁለታችንም ባሕር ያየ የለም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወጣሁ። ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ሸኘኝ። ሄልሜት፣ ጥቁር መነጽር፣ ቁምጣዬ። ገና ከከተማው ሳልወጣ ሕፃናት «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ተከተሉኝ። «ፈረንጅ አይደለሁም፣ ያገርህ ልጅ ነኝ» ብዬ ዘወር ስል አንዱ ከልቡ አዘነ። እጁን ለብስኩት ዘርግቶ ነበር።

አሁን ወደ ዳገቱ ልምጣ። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,570 ሜትር ላይ ናት፤ ይርጋጨፌ 1,900 ገደማ። በመካከላቸው 35 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ልዩነቱን ለርቀቱ ሳካፍለው ለአንድ ኪሎ ሜትር አሥር ሜትር እንኳ አይሞላም። «ሜዳ በሉት» ብዬ በሰማያዊ ጽፌያለሁ። ሒሳቡ ልክ ነው። ያልቆጠርኩት ቁልቁለቱን ነው። መንገዱ ወንዝ ባየ ቁጥር ይወርዳል፤ የወረደውን ደግሞ መልሶ ይወጣል፤ ከዚያ ሌላ ወንዝ ያያል። ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ በመኪና ተመላልሼበታለሁ። ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ዳገቱም ተራ ዳገት አይደለም። እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ አንዱ ባንዱ ጥላ ሥር የሚያድግበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ገበሬው ያንን ቀጥ ያለ ተዳፋት አፈሩን ሳያራቁት እያረሰ መኖሩ ነው ዓለምን ያስደነቀው። እኔም ክፍል ውስጥ «ተዳፋት» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ አሰምርበታለሁ፣ በፈተና እጠይቀዋለሁ። በጉልበቴ ያነበብኩት ግን ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ዳገት ላይ አንድ አባት በትራቸውን ይዘው ደረሱብኝ። እኔ እየነዳሁ ነው፤ እሳቸው በእግራቸው ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። እኔ የምመልሰው በአንድ አንድ ቃል ነው፤ ትንፋሼ ለሁለተኛው አይበቃም። ጎን ለጎን እንዲህ ስንሄድ ቆየንና፣

«ልጄ፣ ወርደህ ብትሄድ አይፈጥንም?» አሉኝ።

«ግዴለም አባባ፣ ለስፖርት ነው።»

«በል በርታ» አሉና ቀድመውኝ ሄዱ። የቸኮሉም አይመስሉም ነበር።

ማርሽ ለመቀየር የወሰንኩት በኩራት ነው። ሐዋሳ ካየኋቸው ሁለቱ ወደ ሦስተኛው ስሻገር ሰንሰለቱ ወለቀ። ደብተሬ ስለ ሰንሰለት ምንም አላጎደለም፦ የባሕር ጨው እንደሚያዝገው፣ በየማታው ዘይት እንደሚያስፈልገው ተጽፏል። ዘይትም ገዝቻለሁ። የወለቀ ሰንሰለት እንዴት እንደሚመለስ ነው ያልተጻፈው። ዘይቱም ከሻንጣው ሥር፣ ከበሶው በታች ነበር፤ ለሞምባሳ ተብሎ።

መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሰንሰለቱን ሳየው፣ እሱም ሲያየኝ፣ «ቲቸር?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ባዶ ጀሪካን ይዟል። መጀመሪያ ቁምጣዬን፣ ከዚያ ፊቴን አየ። ጨዋ ልጅ ስለሆነ ፊቴ ላይ ቆየ። እንጨት አንስቶ በግማሽ ደቂቃ ሰንሰለቱን መለሰው።

«የት ሊሄዱ ነው፣ ቲቸር?»

ደብተሩ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ካስካዚና ኩሲ፣ ኪሊፊና ማሊንዲ፣ የጨረቃዋ ሙላት፣ ሁሉም እዚያው አለ።

«ወናጎ» አልኩት።

«ወናጎ እኮ ገና ነው» አለኝ፣ በሐዘኔታ። «ልግፋልዎት?»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ መሪውን ያዝኩ፤ እሱ ከኋላ ሻንጣው ላይ እጁን ጭኖ ገፋ። ከጀርባዬ የሚገፋኝ እንደማይጠፋ እንኳ በትክክል ተንብዬ ነበር።

ወናጎ ስንደርስ ረፋድ ነበር። ልጁ ሻንጣው ምን እንዲህ እንዳከበደው ጠየቀኝ፤ ከፍቼ በሶውንና ቆሎውን ሰጠሁት። ጎሚስታው ጋ ጎማ አስነፋሁ፤ ጎማው ደህና ነበር፤ አንድ ነገር መሠራት ስላለበት ነው። ከዚያ ወደ ዲላ የሚመለስ ሚኒባስ አቆምኩ። ረዳቱ ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ ወርውሮ አሰረና የበግ ሒሳብ አስከፈለኝ። በመኪና ጣሪያ የሄደውን ሁሉ ብደምረው ብስክሌቴ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል፤ በቀን ያቀድኩለት ይኸው አልነበር!

ሰፈር ስደርስ ምሳ እንኳ አልቀረበም። «ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮቹን ላጠና ደርሼ መጣሁ» አልኩ። ትክል ድንጋዮቹ አሉ፤ እኔ ነኝ ያልነበርኩት። እትዬ ቡናውን ቀድተው ከሰጡኝ በኋላ ነው የጠየቁኝ።

«ድንጋዮቹ ጋስ ማን ተቀበለህ?»

እስከ መስከረም ሁለት ወር አለ፣ ሁሉም ይረሳል ብዬ ተጽናናሁ። መስከረም ላይ የመጀመሪያው ትምህርቴ ካርታ ንባብ ነበር። ሰሌዳው ላይ የኮንቱር መስመሮች ሣልኩ፤ ጥጋጥጉን አራርቄ፣ መሐሉን አቀራርቤ። ዘወር ብዬም እንደየዓመቱ ጠየቅኩ።

«መስመሮቹ እንዲህ ሲቀራረቡ ምን ማለት ነው?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ። «መግፋት!»

ልክ ነው አልኳቸው።